ቀያሹና የረጋው ውሃ፤ የአልፍሬድ ራስል ዋላስ ሕይወትና የ1870 ውርርድ

የመሬት ድቡልቡልነት ለአብዛኞቻችን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ያለ ክርክር የተቀበልነው እውነት ነው። በሙያችንም በየዕለቱ እንጠቀምበታለን። ይሁን እንጂ ከመካከላችን በገዛ ዓይኑ አይቶ ያረጋገጠው ስንቱ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ የሚያኮራን አይመስለኝም። የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ የቀድሞ ዘመን ሰው ሕይወት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ወደ ሐሳቤ የመጣው ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ አጋጣሚ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንድ የመስኖ ቦይ ሥራ ላይ ተመድቤ የከፍታ ልኬት እሠራ ነበር። የመለኪያውን ዘንግ የሚይዙልኝ አንድ አዛውንት፣ ሌቭሉን ከፊተኛውና ከኋለኛው ዘንግ እኩል ርቀት ላይ ለመትከል ለምን እንደምጨነቅ አንድ ቀን ጠየቁኝ። ከምክንያቶቹ አንዱ የመሬት ድቡልቡልነት እንደሆነ ነገርኋቸው። አዛውንቱ በቦዩ ውስጥ ረግቶ የተኛውን ውሃ አመለከቱና፣ ጉብታው የቱ ላይ እንደሆነ እንዳሳያቸው በትሕትና ጠየቁኝ። ቀመሩን አውቀዋለሁ፤ የማሳየው ነገር ግን አልነበረኝም። በመጽሐፍ ተጽፏል ከማለት የተሻለ መልስ አጣሁ። እሳቸውም ያዘኑልኝ መስለው ነገሩን ተዉት።

ይህንኑ ጥያቄ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር በአንድ ቦይ ዳር ቆሞ የመለሰ ሰው ነበር። ስሙ አልፍሬድ ራስል ዋላስ ይባላል። ዓለም የሚያውቀው በተፈጥሮ ሳይንስ ሊቅነቱ፣ ይልቁንም ከቻርልስ ዳርዊን ጋር ባለው የስም ጉርብትና ነው። እኛ ግን ከሙያ ባልደረቦቻችን እንደ አንዱ ልንቆጥረው ይገባል፤ የመጀመሪያ ሥራው የመሬት ቅየሳ ነበርና። ዋላስ የቦዩን ጥያቄ በትክክል መለሰ። መልሱ ግን አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሰላሙን ነሳው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይለዋል።

ከሰንሰለትና ከዘንግ ትምህርት

ዋላስ ጃንዋሪ 8 ቀን 1823 በዌልስ ውስጥ አስክ በምትባል ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ሕግ የተማረ ነገር ግን በሙያው ያልሠራ ሰው ሲሆን፣ የነበረችውን ሀብት ባልተሳኩ የንግድ ሙከራዎች አጠፋት። በዚህም ምክንያት ልጁ ገና በ14 ዓመቱ ገደማ ትምህርቱን አቋርጦ ኑሮውን መፈለግ ግድ ሆነበት። በ1837 ታላቅ ወንድሙ ዊልያም ረዳት አድርጎ ወሰደውና ቅየሳ ያስተምረው ጀመር።

ዘመኑ ለቀያሾች የተመቸ ነበር። በ1836 በወጣ ሕግ መሠረት ገበሬው በእህልና በከብት ይከፍለው የነበረው አሥራት ወደ ገንዘብ እንዲለወጥ በመወሰኑ፣ እያንዳንዱ ማሳ ተለክቶ በካርታ መስፈር ነበረበት። ሁለቱ ወንድማማቾች ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ እየተዘዋወሩ ሰንሰለት ይጎትታሉ፤ ማዕዘን ይለካሉ፤ ማታ በእንግዳ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ካርታ ይነድፋሉ። ዋላስ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠም። ትሪጎኖሜትሪን የተማረው ለሥራው ስላስፈለገው ነው። ከዕውቀቱ በፊት የመጣው ልምዱ ነበር፤ ምን ያህል ስህተት ከእጅ፣ ምን ያህሉ ከመሣሪያ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ከአየር እንደሚመጣ በመስክ ላይ ተማረ።

የወንድሙ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ በ1844 ሌስተር በተባለች ከተማ መምህር ሆኖ ተቀጠረ። በዚያም ሄንሪ ዋልተር ቤትስ ከተባለ ነፍሳት ሰብሳቢ ወጣት ጋር ተዋወቀ። በ1845 ወንድሙ ዊልያም ሞተ። ዋላስ ወደ ዌልስ ተመልሶ የወንድሙን ሥራ ተረከበ፤ በዚያ ዘመን እንግሊዝን ባናወጠው የባቡር ሐዲድ ግንባታ እሽቅድምድም ውስጥም ለአንድ ሐዲድ መስመር ቅየሳ ሠራ። ከሌላው ወንድሙ ከጆን ጋር ሆኖም በኒዝ ከተማ ለሠራተኞች ትምህርት የሚያገለግል አንድ ሕንጻ ነደፈ። ከዚህ ሁሉ ባጠራቀማት ጥቂት ገንዘብ ነው ወደ ሩቅ አገር የተሻገረው።

ሁለት ታላላቅ ጉዞዎች

በ1848 ከቤትስ ጋር ወደ አማዞን ሄደ። አራት ዓመት በወንዙ ዳርና በገባር ወንዞቹ ላይ ቆይቶ ወፍና ነፍሳት ሰበሰበ። የቀያሽነት ልማዱ ግን አልተወውምና ብዙ አውሮፓውያን ያልደረሱበትን የሪዮ ኔግሮን ወንዝ በቀላል መሣሪያ እየለካ ካርታ አወጣለት። በ1852 ወደ አገሩ ሲመለስ ሄለን የምትባለው መርከብ በውቅያኖስ መካከል ተቃጠለች። የአራት ዓመት ድካሙ በዓይኑ ፊት ሲነድ እያየ፣ በትንሽ ጀልባ ላይ አሥር ቀን ከቆየ በኋላ በሌላ መርከብ ዳነ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚህ ያበቃ ነበር። ዋላስ ግን በ1854 ዛሬ ማሌዢያና ኢንዶኔዥያ ወደምንላቸው ደሴቶች አመራ። ስምንት ዓመት ቆይቶ 125,660 ናሙናዎች ሰበሰበ። በባሊና በሎምቦክ መካከል ያለው የባሕር ወሽመጥ ጠባብ ሆኖ ሳለ፣ በሁለቱ ዳርቻዎች የሚኖሩት እንስሳት ግን እጅግ የተለያዩ መሆናቸውን አስተዋለ፤ ይህ ድንበር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1858 ስለ ሕይወታውያን አመጣጥ የደረሰበትን ሐሳብ ጽፎ ለዳርዊን ላከ። ዳርዊንም ለብዙ ዓመታት ሲያብሰለስለው የነበረውን ያንኑ ሐሳብ ከሌላ ሰው እጅ በማግኘቱ ደነገጠ። የሁለቱም ጽሑፍ በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ቀን በለንደን በሊኒያን ማኅበር በአንድነት ተነበበ።

እንግዲህ በ1870 የዋላስ ዕድሜ 47፣ ስሙም በሳይንስ ዓለም የታወቀ ነበር። በ1868 የሮያል ሶሳይቲን ሜዳሊያ ተሸልሟል፤ ስለ ማላይ ደሴቶች የጻፈው መጽሐፉም በ1869 ታትሞ ተወድዷል። ኪሱ ግን እንደ ስሙ አልነበረም። ቋሚ ሥራ የለውም፤ ከጉዞው ያገኘውንም ገንዘብ ባልተሳኩ አክሲዮኖች ላይ አውሎ መክሰር ጀምሯል። ይህን ማስታወስ ያስፈለገው ቀጥሎ የሚመጣውን ለመረዳት ስለሚጠቅም ነው።

ዓይን የሚያየውና የማያየው

በዚያን ዘመን እንግሊዝ አገር ሳሙኤል ሮውቦታም የሚባል ሰው ፓራላክስ በሚል የብዕር ስም ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ፣ መግቢያ እያስከፈለ መሬት ጠፍጣፋ ናት ብሎ ያስተምር ነበር። ንግግሩን ለመስማት ብዙ ሕዝብ ይሰበሰባል። ኃይሉ ያለው በአንድ ምክር ላይ ነበር፤ ሊቃውንት የነገሯችሁን ትታችሁ ራሳችሁ ያያችሁትን ብቻ እመኑ ይላል። ይህ ምክር በራሱ ሲታይ ከአንድ የሳይንስ መምህር አፍ ቢወጣ የሚያስመሰግን ነው።

ችግሩ ተራ ዕይታ ብቻውን በሁለቱም ወገን ሊጎተት መቻሉ ነው። መርከብ ከወደብ ስትርቅ በመጀመሪያ ወገቧ፣ በመጨረሻ ምሰሶዋ ይሰወራል ሲባል፣ ተከራካሪው ዓይናችን ስለደከመ ነው ብሎ ይመልሳል። በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ የሚታየው የመሬት ጥላ ሁልጊዜ ክብ ነው ቢባል፣ ጥላው የመሬት ስለመሆኑ ማን አየ ይላል። ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የሰሜኑን ኮከብ ከፍ እያለ ያገኘዋል ቢባልም፣ ለዚህ ሌላ ሰበብ አያጣም። በአንጻሩም ሜዳው ዝርግ ሆኖ ይታያል፣ ውሃ በዕቃ ውስጥ አግድም ይተኛል፣ የሰማይና የምድር መጋጠሚያ ከዓይን ጋር እኩል ይመስላል ይላል። እነዚህ ሁሉ በዓይን የሚታዩ ናቸው። መጠንን ሳይጠቅስ ቅርጽን ብቻ የሚጠይቅ ክርክር መጨረሻ የለውም። አንድ ኳስ እጅግ ትልቅ ከሆነ ትንሹ ቁራጩ ጠፍጣፋ ይመስላልና፣ መጠየቅ የሚገባው ሜዳው ጎብጧል ወይስ አልጎበጠም የሚለው ሳይሆን፣ በዚህን ያህል ርቀት ላይ ጉብታው ስንት መሆን አለበት የሚለው ነው።

ሮውቦታም ራሱ ልኬት ሞክሯል። በምሥራቅ እንግሊዝ ረግረጋማውን አገር ለማድረቅ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተቆፈረ፣ ኦልድ ቤድፎርድ የሚባል ቦይ አለ። ውሃው ከሞላ ጎደል የቆመ ነው፤ 6 ማይል ወይም ወደ 10 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀትም ያለ አንዳች ጥምዝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሮውቦታም በ1838 በጋ ወደ ውሃው ገብቶ ዓይኑን ከውሃው 8 ኢንች ብቻ ከፍ አድርጎ ባንዲራ የተተከለባትን ጀልባ በመነጽር ተከተለ፤ እስከ 6 ማይልም ድረስ አየኋት ብሎ ጻፈ። በስሌት ከሄድን የውሃው ጉብታ ከ16 እግር በላይ ከፍታ ያለውን ነገር ሊሰውር ይገባ ነበር።

ሰውየው ዋሽቷል ማለት አያስፈልግም። ከውሃ ወለል ጥቂት ኢንች ብቻ ከፍ ብሎ የሚጓዝ የብርሃን ጨረር ሙቀቱና እፍጋቱ ከንብርብር ወደ ንብርብር በሚለዋወጥ አየር ውስጥ ስለሚያልፍ ይታጠፋል። አየሩ ከታች ቀዝቅዞ ከላይ ሲሞቅ ጨረሩ ወደ ምድር ያጎነብሳል፤ ከጉብታው በስተጀርባ የተሰወረውንም ነገር ወደ ዓይን ያመጣዋል። ይህንኑ ነው እኛ የብርሃን ስብረት እያልን ከልኬታችን የምንቀንሰው። ሮውቦታም ያየውን አይቷል፤ መሣሪያውን የተከለበት ቦታ ግን ዓይን ከሁሉ ይበልጥ የሚታለልበት ቦታ ነበር።

ውርርዱ

በጃንዋሪ 1870 ጆን ሃምፕደን የሚባል የሮውቦታም ደጋፊ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አወጣ። ጎባጣ የሆነ ወንዝ፣ ቦይ፣ ሐይቅ ወይም የባቡር ሐዲድ ሊያሳይ የሚችል ሰው ቢኖር በ500 ፓውንድ እንደሚወራረድ አስታወቀ። ገንዘቡ በዚያን ጊዜ አንድ ቤተሰብ ተዘልሎ ለረጅም ጊዜ የሚኖርበት ነው።

ዋላስ ማስታወቂያውን ባየ ጊዜ ወዳጁን ሥመ ጥሩውን የሥነ ምድር ሊቅ ቻርልስ ላይልን አማከረ። ላይልም ነገሩ በግልጽ ቢታይ እነዚህን ሰዎች ዝም ያሰኝ ይሆናል በሚል ተስፋ እንዲቀበል መከረው። ዋላስ ተቀበለ። የቀያሽነት ዕውቀቱ እንደማያሳፍረው እርግጠኛ ነበር፤ ገንዘቡም አስፈልጎት ነበር። ሁለቱም ወገኖች እያንዳንዳቸው 500 ፓውንድ አስያዙ። ዘ ፊልድ የተባለው ጋዜጣ አዘጋጅ ጆን ሄንሪ ዋልሽ ገንዘቡን ያዘ፤ በኋላም ዳኛ ሆነ። በሃምፕደን በኩል ታዛቢ የሆነው ዊልያም ካርፔንተር የተባለ አታሚ ሲሆን፣ እሱም ራሱ መሬት ጠፍጣፋ ናት ብሎ መጽሐፍ የጻፈ ነበር። በዋላስ በኩል የቆመው ኮልቸር የተባለ ከዋክብት የሚመለከት ሐኪም ነው።

የማርች 5 ቀን ልኬት

ዋላስ ልኬቱን የሠራው በዚያው በሮውቦታም ቦይ ላይ ነው። ዝግጅቱን ግን ከሥር መሠረቱ ለወጠው። በቦዩ አንድ ጫፍ የዌልኒ ድልድይ አለ፤ የብረት ድጋፉ ከውሃው በላይ 13 እግር ከ3 ኢንች፣ ማለትም 4 ሜትር ያህል ነው። ቴሌስኮፑን በዚህ ላይ አኖረ። 6 ማይል ርቆ በሚገኘው በኦልድ ቤድፎርድ ድልድይ ላይ ነጭ ሸራ ዘርግቶ በመካከሉ ወፍራም ጥቁር መስመር አደረገበት፤ የመስመሩም ከፍታ ከውሃው ሲለካ ከቴሌስኮፑ ከፍታ ጋር እኩል ነው። በሁለቱ ድልድዮች መካከል፣ ከእያንዳንዳቸው 3 ማይል ላይ፣ ረጅም ምሰሶ ተክሎ ሁለት ቀይ ክብ ሰሌዳዎች ሰቀለበት። የላይኛው ሰሌዳ እንደ ሁለቱ ሁሉ ከውሃው በዚያው ከፍታ ላይ ነው፤ የታችኛው ደግሞ ከእሱ 4 እግር ዝቅ ይላል።

የሐሳቡ ውበት ምንም ሒሳብ የማያውቅ ሰው እንኳ ሊያነበው በመቻሉ ላይ ነው። ሦስት ነገሮች ከውሃው እኩል ከፍ ብለዋል። ውሃው ቀጥ ያለ ከሆነ ሦስቱ በአንድ መስመር ይውላሉ፤ የላይኛው ቀይ ሰሌዳ በጥቁሩ መስመር ላይ ተደርቦ ይታያል። ውሃው ከጎበጠ ግን መካከለኛው ከመስመሩ በላይ ብድግ ይላል። ብድግ የሚልበትም መጠን አስቀድሞ ይታወቃል። የታወቀው የመሬት ስፋት የሚሰጠው 5 እግር ከ8 ኢንች ያህል ነው፤ የብርሃን ስብረት ሲቀነስበት ወደ 5 እግር ይወርዳል። የታችኛው ሰሌዳ እንደ ሚዛን ድንጋይ ሆኖ ያገለግላል፤ በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከል ያለው 4 እግር በመሆኑ ተመልካቹ ከፍታውን በዓይኑ ሊመዝን ይችላል።

የቴሌስኮፑ ከፍታም በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም። የዕይታው መስመር ከውሃው በብዙ እግሮች ርቆ ስለሚሄድ፣ ሮውቦታምን ካሳሳተው ከውሃው ጋር ከተጣበቀው የአየር ንብርብር አመለጠ። አንድ ልምድ ያለው ቀያሽ ከማያውቅ ሰው የሚለየው በዚህ ነው፤ መሣሪያው አንድ ሆኖ ሳለ የሚተከልበት ቦታ ይለያያል።

ማርች 5 ቀን 1870 በቴሌስኮፑ ሲታይ፣ የላይኛው ብቻ ሳይሆን የታችኛውም ሰሌዳ ከጥቁሩ መስመር በላይ ሆኖ ተገኘ። ውሃው በሚጠበቀው መጠን ጎብጧል ማለት ነው።

አንድ ሥዕል፣ ሁለት ንባብ

ካርፔንተር በቴሌስኮፑ አየ። ያየውንም አልካደም፤ ነገር ግን ቴሌስኮፑ በውሃ ልክ አልተስተካከለም፣ በመካከሉም የመስቀል ክር የለውም ሲል ተቃወመ። በዋላስ ዝግጅት ውስጥ ሦስቱ ነጥቦች እርስ በርሳቸው የሚነጻጸሩ በመሆናቸው የቴሌስኮፑ አግድምነት ከነገሩ ጋር ግንኙነት የለውም። ቢሆንም ዋላስ ጥያቄውን ተቀብሎ ኪንግስ ሊን ከተባለች ከተማ የትራውተን ፋብሪካ ሥራ የሆነ ሌቭል አስመጣ።

በሌቭሉ ሲታይ፣ መካከለኛው ምልክት ከመስቀሉ ክር ዝቅ ብሎ፣ ሩቁ ደግሞ ከመካከለኛው በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ታየ። ታዛቢዎቹ የታየውን በሥዕል አሰፈሩ፤ ሥዕሉ ትክክል ስለመሆኑም ሁለቱም ተስማሙ። ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ነው እንግዳው። ካርፔንተር በክሩና በመካከለኛው፣ በመካከለኛውና በሩቁ መካከል ያለው ክፍተት እኩል ስለሆነ ሦስቱ በቀጥተኛ መስመር ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ሃምፕደን አሸንፏል ብሎ ወሰነ።

ለባልደረቦቼ ይህን ስህተት በቁጥር ማሳየት ይጠቅማል። በቅርብ ግምት የጉብታው ዝቅታ በእግር ሲሰላ የማይሉ ካሬ ሁለት ሦስተኛ ነው። በ3 ማይል 6 እግር፣ በ6 ማይል 24 እግር ይሆናል። በመሣሪያው ውስጥ የሚታየው ግን ዝቅታው ለርቀቱ ተካፍሎ ነው፤ የመጀመሪያው በማይል 2 እግር፣ ሁለተኛው በማይል 4 እግር ይደርሳል። ስለዚህ በድቡልቡል መሬት ላይ ሁለቱ ክፍተቶች እኩል ሆነው መታየት አለባቸው። ውሃው ጠፍጣፋ ቢሆን ኖሮ ክፍተት የሚባል ነገር ከቶ አይኖርም፤ ሁለቱም ምልክቶች ከክሩ ጋር ይገጥሙ ነበር። ካርፔንተር የጠፍጣፋነት ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው እኩልነት የድቡልቡልነት ፊርማ ነበር።

ሃምፕደን በበኩሉ በመሣሪያው ማየት እንኳ አላስፈለገውም። የወኪሉ ቃል በቂው ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ ወደ ዋልሽ ቀረበ፤ ዋልሽም ሥዕሎቹንና የሁለቱን ወገን አስተያየት መርምሮ ለዋላስ ፈረደ። ገንዘቡንም ሰጠው።

የውርርዱ ዋጋ

ሃምፕደን ፍርዱን አልተቀበለም። ዋላስን አጭበርባሪና ሌባ እያለ በራሪ ጽሑፍ ያሳትም ጀመር። ዋላስ አባል ለሆነባቸው የሳይንስ ማኅበራት፣ ለጎረቤቶቹ፣ ዕቃ ለሚገዛቸው ነጋዴዎች ሳይቀር ይጽፋል። ለዋላስ ባለቤት በባልዋ ሕይወት ላይ የሚዝት ደብዳቤ ጻፈላት። ዋላስ በስም ማጥፋት ከሰሰው፤ ፍርድ ቤትም ካሳ ፈረደለት። ይሁን እንጂ ሃምፕደን ሀብቱን ወደ ዘመድ አዛውሮ ራሱን ከስሬያለሁ በማለቱ ካሳው በወረቀት ላይ ቀረ። ሃምፕደን ከአንድ ጊዜ በላይ ታሰረ፤ በተፈታ ቁጥር ግን ወደዚያው ሥራው ይመለስ ነበር።

ይባስ ብሎ የእንግሊዝ ሕግ ውርርድን የሚያጸና አልነበረም። ሃምፕደን ገንዘቡ ለዋላስ ከመከፈሉ በፊት ያስያዝሁት ይመለስልኝ ብዬ ነበር በማለት ዋልሽን ከሰሰ፤ በ1876 ፍርድ ቤቱ ለሃምፕደን ፈረደ። ፍርድ ቤቱ ስለ መሬት ቅርጽ አልተጠየቀም፤ ስለ ገንዘቡ ብቻ ነበር። የአገር ሰው ግን ይህን ልዩነት ሁልጊዜ አያስተውልም። ዋላስ በመጨረሻ ሒሳቡን ሲያሰላ፣ ያሸነፈው ሰው እሱ ሆኖ ሳለ በብዙ መቶ ፓውንድ የከሰረውም እሱ ነበር።

ከገንዘቡ የከፋው የሙያ ባልደረቦቹ ትዝብት ነው። ዳርዊን ለችግረኛው ወዳጁ የመንግሥት ጡረታ እንዲሰጠው መሞከር በጀመረ ጊዜ፣ የዕጽዋት ሊቁ ጆሴፍ ሁከር ተቃወመ። ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ውርርድ ነበር፤ መልሱን አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የሳይንስ ሰው፣ የማያውቅን ሰው ገንዘብ ተወራርዶ መውሰዱ ክብር የለውም ባይ ነበር። ነቀፋው ከባድ ቢሆንም መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሆኖም ዳርዊን ሳይታክት በመሥራቱ በ1881 ለዋላስ በዓመት 200 ፓውንድ ጡረታ ተፈቀደለት። ሃምፕደን በ1891 ሞተ። ዋላስ በ1905 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ውርርዱን በሕይወቱ እጅግ ከተጸጸተባቸው ሥራዎች ውስጥ አስገብቶታል።

የመጨረሻ ዘመኑ

የዋላስን ሕይወት የሚጽፍ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ሊሰውር አይገባም። የቦዩን ውሃ በዚያ ጥንቃቄ የለካ ሰው፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሙታን ያነጋግራሉ የሚባሉትን መናፍስት ጠሪዎች ያምን ነበር፤ የፈንጣጣ ክትባትንም እስከ መጨረሻው ተቃውሟል። ሮውቦታም ያየውን እንዳመነ ሁሉ፣ ዋላስም በዚያ ክፍል ያየውን አመነ። ይህን የምጠቅሰው ለማሳነስ አይደለም። በአንድ መስክ ጥንቁቅ መሆን በሌላው መስክ ዋስትና እንደማይሆን ከእሱ የበለጠ የሚያስተምር ምሳሌ ስላላገኘሁ ነው።

በሌላ በኩል የማመዛዘን ኃይሉ በእርጅናውም አልጠፋም። በማርስ ላይ ቦዮች አሉ፣ የቆፈሯቸውም አእምሮ ያላቸው ፍጡራን ናቸው የሚለው ወሬ በተስፋፋ ጊዜ፣ በ84 ዓመቱ፣ በ1907፣ የማርስን ብርድና ድርቀት ቆጥሮ ሐሳቡን የሚያፈርስ መጽሐፍ አወጣ። በ1908 የእንግሊዝ መንግሥት ከሚሰጣቸው ከፍተኛ ኒሻኖች አንዱን ተቀበለ። ኖቬምበር 7 ቀን 1913 በዶርሴት አውራጃ ብሮድስቶን በተባለች መንደር በ90 ዓመቱ ዐረፈ።

የቦዩም ታሪክ በእሱ አላበቃም። በ1901 የካምብሪጅ የጂኦግራፊ መምህር ሄንሪ ዩል ኦልድሃም የዋላስን ልኬት በዚያው ቦታ ደግሞ ያንኑ ውጤት አገኘ። በ1904 ደግሞ ሌዲ ብላውንት የምትባል የጠፍጣፋ መሬት አማኝ፣ ከውሃው ጥቂት እግር ብቻ ከፍ ባለ ካሜራ 6 ማይል ርቆ የተሰቀለውን ነጭ ሸራ በፎቶግራፍ አስነሥታ ድል አደረግሁ አለች። ማን ዝቅ ብሎ፣ ማን ከፍ ብሎ እንዳየ ላወቀ አንባቢ ሁለቱ ውጤቶች አይጣሉም።

ለእኛ የሚተርፈው

በሀገራችን ለረጅም ጊዜ የሠራንባቸው ካርታዎች አዲንዳን በተባለው መነሻ ላይ የቆሙ ሲሆን፣ ስሌታቸው አሌክሳንደር ሮስ ክላርክ በ1880 ባወጣው የመሬት ቅርጽ ላይ የተመሠረተ ነው። ያ ጽሑፍ የታተመው ዋላስ በቦዩ ዳር ከቆመ ከ10 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሃምፕደን በራሪ ወረቀት ሲያሳትም፣ ሌሎች ሰዎች ድቡልቡልነቱን አልፈው የዋልታዎቹን መለጠጥ በሜትር ይለኩ ነበር። ዛሬ ሳተላይት የሚሰጠንን ከፍታ ስንቀበልም የምንጠቀመው በዚሁ ዕውቀት ነው። ስለዚህ ክርክሩ ለሙያችን አያሰጋንም። የሚያሰጋን በእኛና ዘንጉን በሚይዝልን ሰው መካከል ያለው ርቀት ነው።

ዋላስ አንድ ነገር በትክክል ሠራ፤ አንድ ነገር ተሳሳተ። ትክክሉ ልኬቱን ማንም ሰው ራሱ ሊያነበው በሚችል መልክ ማዘጋጀቱ ነው። ስህተቱ ደግሞ ገንዘብ ማስያዙ ነው። ገንዘብ በተያዘበት ቦታ ሰው የሚያየው ውሃውን ሳይሆን ገንዘቡን ነው። ዋላስና ሃምፕደን ስለ ገንዘቡ መጠንና ስለ ዳኛው ተዋውለዋል፤ የትኛው ዕይታ የትኛውን መልስ እንደሚያመለክት ግን ሁለቱ ታዛቢዎች ከልኬቱ በፊት ተፈራርመው ቢሆን ኖሮ፣ ካርፔንተር ከሥዕሉ በኋላ አዲስ ትርጉም ለማምጣት ይቸገር ነበር። በግንባታ ሥራ ላይ የሙከራ ውጤት ከመምጣቱ በፊት የማለፊያው መጠን በውል የሚጻፈው በዚሁ ምክንያት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

እኔም ዘንግ ያዡ አዛውንት የጠየቁኝን ዛሬ ቢጠይቁኝ ኖሮ መጽሐፉን አላነሣም ነበር። በመጀመሪያ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ እኛ በቆምንበት 100 ሜትር ላይ የውሃው ዝቅታ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ እሳቸው አላየሁም ማለታቸው ትክክል ነው፤ እኔ ግን የትንሿን ስህተት መደጋገም ስለምፈራ መሣሪያውን ከመካከል እተክላለሁ። ቀጥዬም ቦዩ ተጠናቆ ውሃው ሲረጋ፣ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ቦታ ብናገኝ፣ ከውሃው እኩል ከፍታ ያላቸው ሦስት ምልክቶች አብረን እንድንተክል እጠይቃቸዋለሁ። ስሌቱ የሚለው መካከለኛው 70 ሳንቲ ሜትር፣ የብርሃኑ መታጠፍ ሲቀነስ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ብድግ እንደሚል ነው። ይህንንም ከማየታችን በፊት እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ መነጽሩን ለእሳቸው ትቼ ወደ ጎን እቆማለሁ።